የመገጣጠሚያ ብግነት፦ ሕመሙ ሲታገሥ ጥፋቱ ይቆማልን?

ማለዳ ከመኝታቸው ሲነሱ ጣቶቻቸው አልታዘዝ ብለዋቸው ልብስ መቆለፍና ስኒ ማንሣት የሚሳናቸው ሰዎች በየቤታችን አሉ። «ቁርጥማት ነው» ይባላል፤ ከመድኃኒት መደብር የሕመም ማስታገሻ ይገዛል፤ ሕመሙም ጋብ ይላል። ይሁን እንጂ በዓመታት ውስጥ ጣቶቹ እየተጣመሙ የሚሄዱበት ጊዜ አለ። ሕመሙ እየታገሠ መገጣጠሚያው ስለምን ይበላሻል? መልሱ የሚገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ በሚሠሩ ሁለት የኢንዛይም ወገኖች ነው።

ሁለት ትእዛዛት

ኢንዛይም በሕያዋን ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካዊ ለውጦችን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ሞለኪውል ነው። ብግነት ደግሞ በመሠረቱ ሰውነት ከተሕዋስያንና ከጉዳት ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ በተባለው በሽታ ግን የመከላከያ ሥርዓቱ የገዛ ራሱን መገጣጠሚያ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዘምትበታል። መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ አካል ያብጣል። በዚያ የተሰበሰቡ የመከላከያ ሕዋሳትም ቲ.ኤን.ኤፍ. እና ኢንተርሉኪን-1 የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። እነዚህ መልእክተኞች ለአካባቢው ሕዋሳት ሁለት ትእዛዝ ያስተላልፋሉ፤ አንደኛው ሕመም የሚያባብሱ፣ ሁለተኛው ልም አጥንትን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች እንዲመረቱ ነው።

የሕመሙ ኢንዛይም

ፎስፎሊፔዝ ኤ2 የተባለው ኢንዛይም ከሕዋስ ሽፋን ላይ አራኪዶኒክ አሲድን ቆርጦ ያወጣል። ሳይክሎኦክሲጂኔዝ፣ በአጭሩ ኮክስ፣ ይህን አሲድ ከኦክሲጅን ጋር በማዋሐድ ፕሮስታግላንዲን ለተባሉ ንጥረ ነገሮች መነሻ የሚሆነውን ውሕድ ይሠራል። ፕሮስታግላንዲኖች የደም ሥሮችን ያሰፋሉ፤ የነርቭ ጫፎችንም ለሕመም ስሜት ያነቃሉ።

አስፕሪን እ.ኤ.አ. በ1899 ለገበያ ቢቀርብም እንዴት እንደሚሠራ የታወቀው እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን መድኃኒቱ የፕሮስታግላንዲንን መመረት እንደሚያግድ በ1971 ባሳየ ጊዜ ነው። ቬን በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ታዲያ ማስታገሻው ስለምን ጨጓራን ይጎዳል? በ1991 ይፋ በሆኑ ጥናቶች ኮክስ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ። ኮክስ-1 ዘወትር በሥራ ላይ ሆኖ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቁ ፕሮስታግላንዲኖችን ያስገኛል፤ ኮክስ-2 ግን በአብዛኛው የሚበዛው ብግነት ሲነሣ ነው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው ሁለቱንም ያግዳሉ።

በሁለቱ ኢንዛይሞች መካከል ያለው አንድ ልዩነት እጅግ ጥቃቅን ነው። በ523ኛው ቦታ ላይ ኮክስ-1 አይሶሉሲን ሲኖረው ኮክስ-2 ከዚያ በመጠን አነስ ያለው ቫሊን አለው። በዚህም ምክንያት ኮክስ-2 ላይ አንዲት የጎን ጉድጓድ ትከፈታለች። ኬሚስቶች በዚህች ጉድጓድ የሚገጥሙ መድኃኒቶችን ሠሩ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሮፌኮክሲብ በ1999 ገበያ ላይ ዋለ፤ ነገር ግን ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ የመጋለጥን ዕድል እንደሚጨምር በመረጋገጡ በመስከረም 2004 በአምራቹ ተሰበሰበ። ኮክስ-2 የደም መርጋትን የሚከላከል ፕሮስታሳይክሊን እንዲመረት ያደርጋል። እርሱ ሲታገድ የደም መርጋትን የሚያበረታታው የኮክስ-1 ሥራ ግን ይቀጥላልና ሚዛኑ ይዛባል።

ልም አጥንትን የሚቆራርጡት

የአጥንቶችን ጫፍ የሚያለብሰው ልም አጥንት እንደ መረብ ከተጠላለፈ ኮላጅንና በመረቡ ውስጥ ውኃ ይዞ እንደ ስፖንጅ ከሚያገለግል አግሪካን የተሠራ ነው። ኮላጅኑን የሚቆርጡት ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ የሚባሉ፣ ለሥራቸው ዚንክ የሚያስፈልጋቸው ኢንዛይሞች ናቸው። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያ አባል የታወቀው በ1962 ጀሮም ግሮስና ሻርል ላፒየር የእንቁራሪት እጭ ጅራት እንዴት እንደሚጠፋ ሲመረምሩ ነበር። እጩን እንቁራሪት የሚያደርገው ኢንዛይም ዘመድ በሰው መገጣጠሚያ ውስጥ ከልክ ሲያልፍ አጥፊ ይሆናል። አግሪካኑን ደግሞ አዳምትስ-4 እና አዳምትስ-5 የተባሉ ኢንዛይሞች ይቆርጡታል። በጤናማ መገጣጠሚያ ቲምፕ የተባሉ ፕሮቲኖች ቆራጮቹን ይገታሉ፤ በበሽታው ግን ቆራጮቹ ከገቺዎቹ ይበዛሉ።

ቆራጮቹን በቀጥታ የሚያግዱ መድኃኒቶች ለካንሰር ሲሞከሩ ራሳቸው የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም አስከትለዋል፤ ኢንዛይሞቹ ለመደበኛው የሰውነት እድሳትም ያስፈልጋሉና።

ትእዛዙን ከምንጩ ማቆም

ከዚህ የምንረዳው የሕመም ማስታገሻ የሚገታው የመጀመሪያውን ትእዛዝ ውጤት ብቻ መሆኑን ነው። ሕመሙ ቢታገሥም ቆራጮቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሐኪሞች ለሩማቶይድ አርትራይተስ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደውን ሜቶትሬክሴት ወይም ቲ.ኤን.ኤፍ.ን የሚያግዱ መድኃኒቶችን የሚያዝዙት ጥፋቱን ከላይ፣ ከብግነቱ ምንጭ ለመግታት ነው።

የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ሩማቶይድ አርትራይተስ አይደለም። ሆኖም በጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ መተሳሰርና ለሳምንታት የማይጎድል እብጠት የሐኪም ምርመራ ይሻሉ። ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ማስታገሻ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ ከሁሉም በላይ ግን ጊዜን ያባክናል። አንዴ የጠፋ ልም አጥንት እንደ ቀድሞው ተመልሶ ስለማይበቅል፣ የባከነው ጊዜ ለታማሚው የጣቶቹ ዋጋ ነው።