ከውጭ የገቡና አሠራራቸው የተለወጠ መኪናዎች ለቴክኒክ ምርመራ ስለሚዘጋጁበት ሁኔታ

መኪና ለነጋዴ ጌጥ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። መኪናው ቆሞ በዋለ ቍጥር ዕቃው ከገበያ ይዘገያል፤ የሾፌሩ ደመወዝና የባንኩ ዕዳ ግን አይቆሙም። ስለዚህ ከውጭ አገር ተገዝቶ የመጣ ወይም በጋራዥ አሠራሩ የተለወጠ መኪና ከምርመራ ተመላሽ የሚሆንበትን ምክንያት አስቀድሞ ማወቅ ለባለንብረቱ ትልቅ ጥቅም አለው።

መርማሪው በተለይ የሚመለከተው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የቀረበው መኪና በወረቀት የተጻፈው ያው መኪና መሆኑን፤ ሁለተኛው፣ በመንገድ ላይ ቢሄድ ሰውን ለአደጋ የማያጋልጥ መሆኑን ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ሦስቱን ጉዳዮች በአንድነት መያዙ የሁለቱን ነገሮች ትስስር ያስረዳል።

የመኪናው መታወቂያ የሻንሲው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር በዛሬዎቹ መኪናዎች 17 ፊደሎችና አኃዞች አሉት፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደሎች አይገቡበትም። አንድ አኃዝ በዲክላራሲዮኑ ላይ ተሳስቶ ቢጻፍ፣ ወይም ቁጥሩ የተቀረጸበት ብረት ዝጎ ወይም ተበይዶ ቢገኝ ጉዳዩ ከጋራዥ ወደ ጽሕፈት ቤት ይዛወራል። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ብረቱን ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ይገባዋል።

ሁለተኛው ምክንያት መሪው ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ጉዞ ተዛውራለች። በጃፓን ግን መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ ስለሆነ ከዚያ የሚመጡት አብዛኞቹ መሪያቸው በስተቀኝ ነው። መሪን ማዛወር መዘውሩን ብቻ ነቅሎ መትከል አይደለም፤ የመሪው ጥርስና ዘንግ፣ የፍሬኑ መርገጫና የዘይቱ መስመር ሁሉ አብረው ይዛወራሉ። በዚህ ሥራ ላይ የተቻኰለ ብየዳ ቢኖር ጕዳቱ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው። የፊት መብራቱም አይዘነጋ። ለግራ መንገድ የተሠራ መብራት ዝቅ ሲል ጨረሩን ወደ ግራ ስለሚያነሣ በእኛ መንገድ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጭበረብራል። ቪቱን ማጠባበቅ የጨረሩን ቅርጽ ስለማይለውጠው መብራቱን መቀየር ይሻላል።

ሦስተኛው የጭነትና የቅርጽ ለውጥ ነው። ለዕቃ የተሠራን መኪና ወንበር ጨምሮ ለሰው ማመላለሻ ማድረግ፣ ወይም የጭነት መኪናን አካል ማስረዘም በሊብሬው የተመዘገበውን ልክ ያፋልሳል። ለውጡ ከመሠራቱ በፊት ፈቃድ መጠየቅ፣ ከተሠራም በኋላ የጋራዡን ማስረጃ ይዞ መቅረብ ተገቢ ነው። ብዙ ባለንብረቶች ባሌስትራ በመጨመራቸው ብቻ መኪናው የበለጠ መጫን የሚችል ይመስላቸዋል። ባሌስትራ ክብደቱን ይሸከማል እንጂ ፍሬኑን አያጠነክርም። የፍሬን መመርመሪያው መሣሪያ የየጎማውን ኃይል ለየብቻ ስለሚለካ በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት አይሰወርም።

ጎማም ዕድሜ አለው። በጎኑ ላይ ከታተሙት አኃዞች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2319 ቢል በአውሮፓውያን 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ለብዙ ጊዜ በመጋዘን የቆየ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ሊሰነጣጠቅ ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የነጋዴውን ትኵረት ስቧል። ይህ መኪና ጭስ ባይኖረውም ባትሪው ከባድ ስለሆነ ፍሬኑና ጎማው ብርቱ ጥንቃቄ ይሻሉ። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ሽቦዎች ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍባቸው ስለሆኑ ያልሠለጠነ ሠራተኛ እንዳይነካቸው ያስፈልጋል።

እንግዲህ ባለንብረቱ ከምርመራው ቀን አስቀድሞ፣

1ኛ/ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬውና ከዲክላራሲዮኑ ጋር ያመሳክር፤

2ኛ/ ለተደረገው ለውጥ ሁሉ ፈቃዱንና ማስረጃውን ያዘጋጅ፤

3ኛ/ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ መብራቱን፣ ፍሬቻውንና ጎማውን በሚያምነው መካኒክ ያስፈትሽ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ በጋራዥ የሚወጣው ጥቂት ገንዘብ ቆሞ ከሚውል መኪና፣ ይልቁንም ከሚጠፋ ሕይወት፣ እጅግ ያነሰ ዋጋ ነው። ቦሎ በመስተዋቱ ላይ የሚለጠፈው ለፖሊስ ዓይን ብቻ ሳይሆን፣ በዚያው መንገድ ለሚሻገረው እግረኛም የተሰጠ ዋስትና መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።