ጎማ ሲቀየር ማርሹም ይቀየራል

«የሕግ ሰው ስለ ጎማ መጻፍ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን መኪና በሕግ ፊት ብዙ ጣጣ የሚያመጣ ንብረት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ የራሱ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። እንግዲህ በመኪናችን ላይ የምናደርገው ለውጥ ሁሉ፣ ለውበት ብለን ያደረግነውም ጭምር፣ ዞሮ ዞሮ መዘዙ ወደ እኛው ይመለሳል ማለት ነው። ከእነዚህ ለውጦች መካከል ብዙ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረው የጎማ መጠን ነው።

ሶማሌ ተራ ጎማ ሊገዛ የወጣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ዋጋው ነው። የመኪናው ልክ ካልተገኘ ወይም ከተወደደ «ይኼም ይገባል» ይባላል፤ ጎሚስታውም ይገጥመዋል። ሌላው ደግሞ መኪናው ከፍ ብሎ ግርማ ሞገስ እንዲኖረው ሲል ሆን ብሎ ትልቅ ጎማ ያስገጥማል። መግባቱስ ይገባል። ጥያቄው ከገባ በኋላ መኪናው ያው የቀድሞው መኪና ነው ወይ የሚለው ነው። መልሱ አይደለም ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሞተር በፍጥነት ይዞራል፣ ጎማ ግን በዝግታ ነው የሚዞረው። በመካከላቸው ያሉት ካምቢዮና ዲፈረንሻል የሞተሩን ዙር እየቀነሱ በምትኩ ጉልበት ይጨምራሉ። ለምሳሌ የዲፈረንሻሉ ልክ 4.10 ነው ሲባል ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 4.10 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ብዙ ሰው ስሌቱ እዚህ ላይ የሚያበቃ ይመስለዋል። ዳሩ ግን መሬት የሚነካው ጎማው ነውና የመጨረሻው ማርሽ ራሱ ጎማው ነው። አንድ ጊዜ ሲዞር ስንት ሜትር ይሄዳል የሚለው ካልታወቀ የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም።

በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ ረጅምና አጭር ሰው እኩል ቁጥር ያለው እርምጃ ቢራመዱ ረጅሙ ቀድሞ ይገኛል። ዳገት ሲመጣ ግን እርምጃውን የሚያሳጥር ሰው ብዙ አይደክምም። ትልቅ ጎማ መግጠም የሞተሩን ጉልበት ሳይጨምሩ እርምጃውን ብቻ እንደ ማስረዘም ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በጎማው ጎን 265/70 አር 16 የሚል ጽሑፍ አለ እንበል። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎማው ግድግዳ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ መሆኑን ይገልጻል፤ ይኸውም 185.5 ሚሊ ሜትር ነው። የመጨረሻው የቸርኬው ልክ በኢንች ሲሆን አንዱ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነውና 406.4 ይሆናል። ግድግዳው ከላይም ከታችም ስላለ በሁለት ተባዝቶ ከቸርኬው ጋር ሲደመር የጎማው ሙሉ ቁመት 777 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል።

ባለቤቱ ይህን አውልቆ 285/75 አር 16 ቢያስገጥም ቸርኬው ያው 16 ነው። የጎማው ቁመት ግን ወደ 834 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ልዩነቱ 7.3 በመቶ ነው። ውጤቱም ካምቢዮውንም ዲፈረንሻሉንም ማንም ሳይነካ 4.10 የነበረው የዲፈረንሻል ልክ በ3.82 የተተካ ያህል ነው። አንደኛው ማርሽ፣ ሁለተኛው፣ የኋላ ማርሹም ሳይቀር ሁሉም በዚያው መጠን «ረዝመዋል»። አራተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ በሆነበት መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ሞተሩ በደቂቃ 2800 ጊዜ ገደማ ይዞር የነበረው አሁን 2600 ገደማ ይዞራል።

«ታዲያ ሞተሩ ማረፉ ምን ክፋት አለው?» ይባል ይሆናል። ሜዳ ላይ እውነትም ያርፋል። ዳገት ላይ ግን ጎማው መሬቱን የሚገፋበት ኃይል በዚያው 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። እኛ ደግሞ የምንኖረው ደጋ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ ተርቦ የሌለው ሞተር ገና ከመነሻው ጉልበቱ የጎደለ ነው። በዚያ ላይ ትልቅ ጎማ ሲጨመርበት ሦስተኛ ማርሽ ይበቃው የነበረው ዳገት ሁለተኛ ይጠይቃል፤ ዳገት ላይ ሲነሳም ፍሪሲዮኑ ከቀድሞው ይበልጥ ይቃጠላል።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ላይ ዐዋቂ ሾፌር ፍሬኑን ሳይሆን ማርሹን ይዞ ነው የሚወርደው። ጎማው ሲያድግ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ኃይል በ7 በመቶ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ራሱ በዝግታ ስለሚዞር ቅናሹ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። የቀረውን ሥራ ፍሬን ይሸከማል። ፍሬኑም ቢሆን ከትልቅ ጎማ ጋር ሲታገል በእኩል እግር ጫና የሚያስገኘው የማቆም ኃይል በዚያው መጠን ያንሳል። አንዱ ጉድለት በሌላው ላይ ሲደረብ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይተዋል። በመኪናው ላይ ያለው ተሳፋሪ ግን ስለ ጎማው ቁጥር የሚያውቀው ነገር የለም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የምስክር ጉዳይ ነው። የፍጥነት መቁጠሪያው መንገዱን አያይም። የካምቢዮውን ወይም የጎማውን ዙር ይቆጥርና ፋብሪካው በነገረው የጎማ ልክ አባዝቶ ይናገራል። በእኛ በሕግ ሰዎች ቋንቋ የስሚ ስሚ ምስክር ነው። መቁጠሪያው ትክክል ከነበረና ጎማው 7.3 በመቶ ካደገ፣ 80 ሲል መኪናው የሚሄደው 86 ገደማ ነው፤ 100 ሲል 107 ነው። ቅጣት የሚጽፈው ትራፊክ ፖሊስ የሚይዘው ግን እውነተኛውን ፍጥነት ነው።

እርግጥ ነው፣ ፋብሪካዎች ለዚህ ትንሽ መጠባበቂያ ያስቀምጣሉ። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 መቁጠሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ አብልጦ እንዲያሳይ ግን በገደብ ይፈቅዳል። ስለዚህ አንዳንዱ መቁጠሪያ ከመጀመሪያውም አጋንኖ ይናገራል። «የእኔ መኪና ያጋንናል፣ ስለዚህ ትልቅ ጎማ ያስተካክለዋል» የሚል ሰው ግን ለደኅንነቱ የተቀመጠለትን መጠባበቂያ በልቶ መጨረሱን ይወቅ።

ያው መቁጠሪያ የተሄደውንም ርቀት ስለሚመዘግብ ጉዳዩ እስከ ኪስ ይደርሳል። 100 ሺሕ ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዷል ተብሎ የሚሸጥ መኪና በትልቁ ጎማ ከነበረ በእርግጥ የሄደው 107 ሺሕ ነው። ሻጩ ሳይዋሽ ገዢው ይታለላል። በተቃራኒው ከልኩ ያነሰ ጎማ የገጠመ መኪና ጉልበት ያገኛል፤ ነገር ግን ሞተሩ ከመጠን በላይ ይዞራል፣ መቁጠሪያውም ያልተሄደ መንገድ ይጽፋል።

ሰፊ ቸርኬ ሁሉ ጥፋት ነው ማለቴ እንዳይደለ ልብ ይባልልኝ። 195/65 አር 15 የነበረው መኪና 205/55 አር 16 ቢገጥም ቸርኬው ቢያድግም ግድግዳው ስላጠረ የቁመቱ ልዩነት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ማርሹም መቁጠሪያውም እንደነበሩ ይቀራሉ። ቁም ነገሩ የጎማው ሙሉ ቁመት እንጂ የቸርኬው ቁጥር ብቻ አይደለም። ፊትና ኋላ የተለያየ ቁመት ያለው ጎማ መግጠም ግን በተለይ አራቱም ጎማ በሚጎትት መኪና ላይ ክልክል ሊባል ይገባዋል። የፊቱና የኋላው ዘንግ ተቆልፈው እኩል እንዲዞሩ ሲገደዱ ልዩነቱን የሚከፍሉት ጥርሶቹ ናቸው።

ምን እናድርግ? በሾፌሩ በር ምሶሶ ላይ ፋብሪካው የለጠፈውን የጎማ ልክ እናንብብ። የሚገዛው የተለየ ከሆነ ከላይ ያየነውን ስሌት በወረቀት እንሥራ፤ ልዩነቱ ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ ባለሙያዎች ይመክራሉ። ከዚያ የሚበልጥ ጎማ የግድ ካስፈለገ ዲፈረንሻሉንና መቁጠሪያውን አብሮ ማስተካከል ያስፈልጋል። ተጠራጣሪ የሆነ ሰው ደግሞ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አብሮት የተቀመጠው ሰው በእጅ ስልኩ ጂፒኤስ የሚያየውን ፍጥነት ከመቁጠሪያው ጋር ያስተያይ። የስሚ ስሚ ምስክር የሚፈተነው ጉዳዩን በቀጥታ ባየ ምስክር ነው።

«ጎሚስታው ይገባል ብሎኝ ነው» የሚለው መልስ ለአንቀጽ 2081 መከላከያ አይሆንም። ቁጥሩ በጎማው ጎን ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ማንበብ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ቸር ይግጠመን።