ከፊደሉ በላይ ያለው ምልክት

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ጣና ደሴቶች ገዳማት የተሻገረ ሰው ድጓ ሲገለጥ ቢያይ፣ ከዋናው ጽሑፍ በላይ በደቃቅ ፊደል የሰፈሩትን የዜማ ምልክቶች ያስተውላል። ምልክቱን ያልተማረ ሰው ቃሉን ያነብበዋል እንጂ ሊያዜመው አይችልም። በሕዋሳችን ውስጥም ለዚህ የሚቀርብ ሥርዓት አለ።

አር.ኤን.ኤ. በአራት ፊደላት እንደሚጻፍ ተምረናል። ከተጻፈ በኋላ ግን ኢንዛይሞች በፊደላቱ ላይ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶች ያኖራሉ፤ ከ150 የሚበልጡ ዓይነቶች ታውቀዋል። ጥቅማቸውን ለመረዳት የዶ/ር ፋን ያን ዌይን የምርምር ጉዞ እንከተል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጡ ጥናቶች «ሲ.ዲ.ኬ.ኤ.ኤል.-1» የተባለው ጂን ከሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ጋር እንደሚዛመድ አመለከቱ፤ እንዴት እንደሆነ ግን ግልጽ አልነበረም። ዶ/ር ዌይና የጃፓኑ ኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው በ2011 መልሱን አሳተሙ። በዚህ ጂን የሚሠራው ኢንዛይም ላይሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ በሚያጓጉዘው አር.ኤን.ኤ. ላይ፣ መልእክቱን ከሚያነብቡት ሦስት ፊደላት አጠገብ፣ ድኝ ያለበት ምልክት ያኖራል። ኢንሱሊን በመጀመሪያ እንደ ረጅም ሰንሰለት ይሠራና ተቆርጦ ነው ለሥራ የሚበቃው፤ ከመቁረጫ ቦታዎቹ በአንዱ ላይሲን አለ። ኢንዛይሙ ከቆሽታቸው ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት በተወገደባቸው አይጦች የላይሲን ንባብ ተሳሳተ፤ አይጦቹም የደማቸውን ስኳር መቆጣጠር ተሳናቸው። ዶ/ር ዌይ ኋላ ወደ ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ተሻግረው ምርምራቸውን እስከ እርጅና አስፍተዋል።

ከሐይቁ በስተሰሜን፣ ጎንደር ላይ፣ ሌላ እንቆቅልሽ አለ። ዶ/ር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በጎንደርና በጅማ ገጠሮች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን በአብዛኛው ከሲታና ድሃ ገበሬዎች፣ ይልቁንም ወንዶች መሆናቸውን ገልጸው፣ የምግብ እጥረት ድርሻ ይኖረው እንደሆነ ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ አምስተኛው ዓይነት ብሎታል።

የኩማሞቶው ግኝት የሁለተኛው ዓይነት ነውና የጎንደሩን ጥያቄ ይመልሳል አንልም። ሆኖም ያ ኢንዛይም ያለ ብረት ማዕድን አይሠራም። በ2020 የታተመ የአይጥ ጥናት፣ በኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት ውስጥ ብረት ሲጎድል ምልክቱም እንደሚቀንስ፣ ኢንሱሊንም እንደሚጓደል አሳይቷል። በእኛ አስተያየት ለዓመታት በቂ ምግብ ያላገኘ ገበሬ ቆሽት ውስጥ እነዚህ ምልክቶች በቦታቸው መኖር አለመኖራቸው ሊፈተን የሚገባው ጥያቄ ነው፤ የሕሙማኑን ዲ.ኤን.ኤ. ብቻ በማንበብ ግን አይገኝም።