ፈረሰኛ ሁሉ አይጋልብም

ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲያሸንፍ ጋዜጣው ምን ይላል? «ፈረሰኞቹ ጋለቡ!» ሲሸነፍስ? «የፈረሰኞቹ ግልቢያ ተገታ!» በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው አንጋፋ ክለብ ቅጽል ስሙን ያገኘው ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶ ከሚወጋው ሰማዕት ነውና ርዕስ ሲወጣ ፈረስ አይጠፋም። የሚጠፋው ሌላው ቃል ነው። ፈረስ ላይ የወጣውን ሁሉ «ጋለበ» ማለት ለምዶብናል።

መጋለብ ግን ፍጥነት ነው። ጠቅላላው ቃል «መቀመጥ» ነው፤ «ፈረስ ተቀምጦ መጣ» ሲባል ሰውየው እያዘገመም ሊሆን ይችላል። አካሄዱ ደግሞ የየራሱ ስም አለው። እርምጃ አለ። ፈጠን ሲል ሶምሶማ ይሆናል፤ ተጫዋቾች ሲያሟሙቁ የምናውቃት ያቺው ሶምሶማ! ቀጥሎ ደንገላሳ፣ መጨረሻ ላይ ሽምጥ ግልቢያ። በቅሎ ደግሞ ትሰግራለች፤ ሰጋር በቅሎ የተቀመጠባትን ሰው ሳታንገጫግጭ ነው የምትወስደው።

«ታዲያ ምን ቸገረን?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ ኦሊምፒክ ሲመጣ ይታያል። በ2016 ክረምት (እ.ኤ.አ. 2024) የፓሪስ ኦሊምፒክ የፈረስ ውድድሮች በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ግቢ ተካሂደዋል። ከነሱ አንዱ ድሬሳዥ ነው። ይሄን «የፈረስ ግልቢያ» ብለው ከነገሩት ተመልካቹ ማን ቀድሞ ይገባል ብሎ ይጠብቃል። ማንም አይቀድምም! 60 በ20 ሜትር በሆነ ሜዳ ፈረሱ እርምጃውን፣ ሶምሶማውንና ደንገላሳውን በሥርዓት ያሳያል፤ ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ። ሽምጥ የሚባል ነገር የለም። በዝላዩ ውድድር ደግሞ አግዳሚውን የጣለ 4 የቅጣት ነጥብ ይያዝበታል።

የእኛው ጉግስም ግልቢያ ብቻ አይደለም። አንዱ ያባርራል፣ ሌላው ይሸሻል። አባራሪው ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው በጋሻ ይመክታል። ከዚያ ይዞርና እሱ በተራው አባራሪ ይሆናል። መልሶ ማጥቃት ማለት ይሄ ነው! በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚሰበሰቡት የአገው ፈረሰኞች ይሄን ልዩነት ማንም እንዲነግራቸው አይፈልጉም። እኛ ከተሜዎቹ ግን ፈረስን የምናውቀው በጋሪና በማሊያ ስለሆነ አንዷን ቃል ይዘን ቀርተናል።

ቃሏ ብቻዋን ስትሆን ጨዋታውንም ታደበዝዛለች። ቡድኑ 1ለ0 እየመራ ኳስ እያንሸራሸረ ሰዓት ሲገፋ «ጋለቡ» አይባልም፤ ሶምሶማ ላይ ናቸው። በ90ኛው ደቂቃ አጥቂው ከተከላካይ መሀል ተፈትልኮ ሲወጣ፣ ያኔ ሽምጥ በሉት!