«ባዶ ነው» ከማለት በፊት

በሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል በቆየሁባቸው ዓመታት ስለ ሽጉጡ ካዝናና ምላጭ የሚያማርር ታጣቂ ሞልቶ ነበር። ቀልሃ ስለምትስበዋ ጥፍር የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም። እኔ ደግሞ ከሁሉም በፊት የማየው እሷን ነው።

ጥፍሯ ስናቀባብል ወደ ኋላ በምንስበው የላይኛው ክፍል ቀኝ ጎን ላይ የተቀመጠች መንጠቆ ነች። ከቀልሃው ግርጌ ባለው ቦይ ውስጥ ትገባና ቀልሃውን ነክሳ ወደ ኋላ ትስበዋለች። ከተተኮሰ በኋላ ባዶውን ቀልሃ፣ መሣሪያውን ባዶ ስናደርግ ደግሞ ያልተተኮሰውን ጥይት የምታወጣው እሷ ነች።

ከሶቪየት መሣሪያዎች ጋር ወደ አገራችን የገባውን ማካሮቭ እንውሰድ። ማካሮቭ ሲተኮስ የባሩዱ ግፊት ራሱ ቀልሃውን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ጥፍሯ ብትሰበርም ብዙ ጊዜ መተኮሱን ይቀጥላል። ባለቤቱም ደህና ነው ይላል። ያልተተኮሰ ጥይት ግን የሚገፋው ግፊት የለውም፤ ጥፍሯ ካልሳበችው እዚያው ጎርሶት ይቀራል።

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አባያን ቁልቁል በሚያየው የኦቾሎ ተራራ ላይ የሚኖሩት አጎቴ ሽጉጥ እንዲህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ካዝናውን ነቅለው አቀባበሉና «ይኸው፣ ባዶ ነው» ብለው ሊያቀብሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። «አጎቴ፣ ምላጩን እንዳይነኩት!» አልኳቸው፤ ሲያቀባብሉ ምንም ነገር ሲወድቅ አላየሁማ። ደጅ ወጥተን የላይኛውን ክፍል ወደ ኋላ ይዤ አፈሙዙን ሽቅብ ሳደርገው ጥይቱ በራሱ ክብደት ተንሸራቶ መዳፌ ላይ ወደቀ። የመንጠቆዋ ጫፍ ተሸርፎ ነበር። አጎቴ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም።

ጥፍር ሲበላሽ ሰው ቶሎ ወደ ሞረድ ይሮጣል። እኔ ግን በቅድሚያ ጽዳቱን አያለሁ፤ ከመንጠቆዋ ሥር የተጋገረ ጥላሸትና የደረቀ ዘይት ብቻውን እንዳትነክስ ሊያደርጋት ይችላል። ቀጥሎ ሞላው ነው። የማካሮቭን ጥፍር ከኋላዋ ያለች ትንሽ ዘንግ በሞላ ጉልበት ትይዛታለች። ዘንጓን በቀጭን ካቻቢቴ ወደ ኋላ ገፍቶ ጥፍሯን ማውጣት ይቻላል፤ ሞላው ግን ተፈናጥሮ ዓይን ሊመታ ወይም ሊጠፋ ስለሚችል በጨርቅ ሸፍኖ መሥራት ነው።

አሮጌውን የአሜሪካን ኮልት 1911 የለመዱ ጠጋኞች ጥፍር ሲላላ ጎበጥ ያደርጉታል። የዚያ ጥፍር ከውስጥ የተቀመጠና ራሱ ሞላ ስለሆነ ይሠራል። የውጪዋ ጥፍር ግን ጉልበቷን የምታገኘው ከሌላ ሞላ ነው፤ ብትጎበጥ ትሰነጠቃለች እንጂ አትጠብቅም። መድኃኒቷ አዲስ ሞላ ወይም አዲስ ጥፍር ነው።

አዲሷ ከተገጠመች በኋላ ባሩድም ካፕሱልም የሌለው የመለማመጃ ጥይት ከመንጠቆዋ ሥር አስገብቼ፣ የተፈታውን የላይኛውን ክፍል ቀስ ብዬ እነቀንቃለሁ። ጥይቱ ከወደቀ ላልታለች። ከመጠን በላይ ከጠበቀች ደግሞ ከካዝና የሚወጣው ጥይት ከመንጠቆዋ ሥር መንሸራተት ያቅተውና መሣሪያው ሳይዘጋ ይቆማል። ሞረድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ያውም አንድ ሁለቴ አሸት አድርጎ እንደገና መሞከር፣ የተፋቀ ብረት አይመለስምና።

ይህን የምጽፈው አንባቢ ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲሞርድ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ጥገና ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ባለቤቱ ግን ካዝናውን ነቅሎ ካቀባበለ በኋላ ጥይቱ የሚጎርስበትን ቀዳዳ በዓይኑ አይቶ፣ በጨለማ ከሆነም በጣቱ ዳስሶ ማረጋገጥ ይችላል። ለዚህ ፈቃድ አያስፈልገውም።