ብረት-55፦ የቴሌስኮፕ ዓይን የሚሰፈርበት ቁና

ስለ ትልልቅ ቴሌስኮፖች ሲወራ መስታወታቸው ይወደሳል፤ ካሜራቸውም አልፎ አልፎ ይነሣል። የካሜራውን ሴንሰሮች በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲፈትን የከረመውን ባለሙያ ግን የሚያስታውሰው የለም። እኔ ደግሞ ከሁሉ የምወደው የእሱን ሥራ ነው።

በቺሊ፣ በሴሮ ፓቾን ተራራ ላይ ያለው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ ካሜራ 3.2 ቢሊዮን ፒክስል አለው። ይህ ሁሉ ፒክስል የተገኘው ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው በ21 ምድብ ከተደረደሩ 189 ሴንሰሮች ነው። እያንዳንዱ ሴንሰር ጎኑ 4 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን 16 ሚሊዮን ፒክስል ይይዛል። ምድቦቹ ኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው የብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ተገጣጥመው ተፈተኑ፤ ካሜራው ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሠራ።

መሠረቱ ቀላል ነው፦ ብርሃን ሲሊከኑን ሲመታ ኤሌክትሮን ይላቀቃል፤ የተጠራቀመው ኤሌክትሮን በመጨረሻ ይለካል።

ብዙዎች ፈተናው «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚል ይመስላቸዋል። ዋናው ጥያቄ ግን «ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል?» ነው። ኮምፒዩተሩ ለአንድ ፒክስል 540 የሚል ቁጥር ቢሰጥ፣ ስንት ኤሌክትሮን ማለት ነው? ይህን ለማወቅ መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ስፍር ያስፈልጋል። እህል ሻጭ ያለ ቁና ምን ሊሰፍር?

ቁናው ብረት-55 ነው። ይህ ጨረር አመንጪ ብረት ወደ ማንጋኒዝ ሲለወጥ ኤክስሬይ ይረጫል። ከኤክስሬዩ አብዛኛው ጉልበቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ አንዱ ቅንጣት ሲሊከን ውስጥ ሲገባ ወደ 1,620 ኤሌክትሮን ያላቅቃል። እንግዲህ ያ ስፍር 540 ተብሎ ከተነበበ፣ አንዱ ቁጥር ሦስት ኤሌክትሮን ነው ማለት ነው።

የብረቱ ውለታ በዚህ አያበቃም። እንዲህ ባለው፣ ሲሲዲ በሚባለው የሴንሰር ዓይነት ውስጥ የአንዱ ፒክስል ኤሌክትሮን ሁሉ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተላለፈ ነው መውጫው ላይ የሚደርሰው፤ እሳት ለማጥፋት ሰው ተሰልፎ ውኃ በባልዲ እንደሚቀባበለው። የሩቢን ሴንሰር 16 መውጫዎች አሉት። እንዲያም ሆኖ ከዳር የተነሣው ባልዲ 2,500 ጊዜ ያህል እጅ ይለዋውጣል። በየቅብብሉ ከ100,000 አንድ ብቻ ቢንጠባጠብ፣ ከ1,620ው 40 ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። የቀረው ኤሌክትሮን ኋላ እየተከተለ ይደርስና ክቡን ኮከብ ጭራ ያበቅልበታል። ሩቢን ደግሞ የማይታየውን ቁስ አካል ከሚያጠናባቸው መንገዶች አንዱ፣ የጋላክሲዎችን ቅርጽ ስበት በጥቂቱ ሲያዛባው መለካት ነው። ሴንሰሩ ያመጣው መወጠር ካልታወቀ በስበት ይሳበባል። ስለዚህ ፈታኙ ከመውጫው የራቁትንና የቀረቡትን ስፍሮች ያነጻጽራል፤ የሩቆቹ ከጎደሉ ጉድለቱን ለክቶ ይመዘግባል።

ሌሎቹን ፈተናዎች ባጭሩ ላንሣ። ወጥ ብርሃን እየበራ የፒክስሎቹ አቀባበል ይነጻጸራል። ብርሃን ሁሉ ተዘግቶም፣ ኋላ ከእውነተኛው ፎቶ ላይ እንዲቀነስ፣ የጨለማ ፎቶ፣ ዳርክ የሚሉት፣ ይነሣል። ሙቀት ራሱ ኤሌክትሮን ስለሚያላቅቅ የሩቢን ሴንሰሮች ከዜሮ በታች ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዝቅዘው ይሠራሉ።

አንድ ተማሪ አዲስ ኮከብ አገኘሁ ብሎ ፎቶ አሳይቶኝ ያውቃል። ቴሌስኮፑ ወደ ሦስት አቅጣጫ ዞሮ ሲያነሣ ነጥቧ ካለችበት ፒክስል ንቅንቅ አላለችም። ክዳኑን ገጥመን ብናነሣም አለች፤ በራሷ ኤሌክትሮን የምታፈልቅ ፒክስል ነበረች። ልጁ የዛሬውን ፎቶ ያረመው ባለፈው ወር፣ በሌላ ሙቀት በተነሣ ዳርክ ነበር። ካሜራ ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ዳርኩ በፎቶው ሙቀትና በፎቶው የጊዜ ርዝመት ይነሣ፤ ያለዚያ ስሕተትን በስሕተት መቀነስ ነው።

ብረት-55 ራሱ ያረጃል፤ በ2.7 ዓመት ገደማ ግማሹ ያልቃል። ያረጀ ምንጭ ታዲያ ፈታኙን ረዘም ላለ ጊዜ ያስጠብቀዋል እንጂ አያሳስተውም፤ የሚረጨው ቅንጣት ቁጥሩ ይቀንሳል፣ የእያንዳንዱ ስፍር ግን ያው 1,620 ነው።