የጋራ ማዕድ በሸርቆሌ፦ ከድስቱ በፊት ቀኑን መቁጠር

ሸርቆሌ ተመድቤ በመጣሁበት ዓመት ለፋሲካ ጎረቤቶቼን ጠራሁ። ዶሮ ወጥ ሠርቼ፣ ጠላ ጠምቄ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያሉት በርታዋ ጎረቤቴ ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ፣ “እንኳን አደረሰሽ” ብለው ተቀመጡ፣ ዳቦ ቀመሱ፣ ቡና ጠጡ። ሌላ የማቀርብላቸው ነገር አልነበረኝም። ሲወጡ መርቀውኝ እንጂ ቅር ብሏቸው አልነበረም። ያፈርኩት እኔ ነኝ። እንግዳውን ጦሙን የሚሰድ ጥሪ ምን ጥሪ ነው?

ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን እንደማይበላ ከልጅነቴ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ግን የእንግዶቹን የተለየ ትሪ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚያስብበት። እዚህ በርታው በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ከመሀል አገር የሚመጣው መምህርና ነርስ ኦርቶዶክስ ወይም ፕሮቴስታንት ነው፤ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ደግሞ ሁለቱም አሉ። ዘዴውን ያስተማረችኝም ከእነዚህ ቤተሰቦች የተወለደች ባልደረባዬ ናት። “ስለ ወጡ ተይው፣ መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሪ” አለችኝ።

ቆጠራው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የሙስሊሙ በዓል በጨረቃ ስለሚሄድ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደኋላ ይመጣል፤ ፋሲካም በራሱ ስሌት ይንቀሳቀሳል። በ2016 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር ሚያዝያ 2 ዋለ። ረቡዕ ነው፣ ዐቢይ ጾም ነው። ባለ በዓሉ ይብላ እንጂ የሚጾመው ኦርቶዶክስ እንግዳ ቅቤም ወተትም እንቁላልም አይነካም፤ ብዙዎቹም በሥራ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ስለዚህ ምሳውን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገፋነው። በ2017 ኢዱ መጋቢት 21 እንደገና ጾም ውስጥ ገባ፤ እሑድ ስለነበረ ግን ቅዳሴው በጠዋት አልቆ ምሳው በሰዓቱ ተበላ። የዚያው ዓመት አረፋ ግንቦት 29፣ አርብ ነበር። አርብ ነው ብዬ የጾም ላሰናዳ ስል ለካ በዓለ ሃምሳ አላለቀም! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና አርብ አይጾምም፤ ጰራቅሊጦስ ደግሞ ሰኔ 1 ነበር። በሁለት ቀን ተረፍን። (ፕሮቴስታንቱን ባልደረባችንን የትኛውም ቀን አያስቸግረውም፣ ይስቅብናል።)

ኢድ አልፈጥር የሚረጋገጠው ዋዜማው ማታ ጨረቃ ስትታይ ስለሆነ ቶሎ የሚበላሸውን ነገር ቀድሞ መግዛት አያዋጣም። አረፋ ግን አሥር ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይታወቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቢላዋው ነው። የወሎው ልማድ ሁለት በግ ማረድ ነው፦ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ። የሚረሳው ጭልፋው ነው፤ አንዱ ሳያስብ ከአንዱ ድስት አውጥቶ ሌላው ውስጥ ይከተዋል፣ ያኔ ሁለቱም ወገን እጁን ይሰበስባል። ለሠርግ ይህ ጥሩ ነው፣ ለአሥራ አምስት ሰው ግን ወጪው ከበደን። ስለዚህ ሥጋውን እያንዳንዱ በየቤቱ እንዲበላ ትተን፣ የጋራውን ማዕድ ሁሉም በሚበላው ላይ መሠረትነው። “ሥጋ የሌለው በዓል በዓል ነው?” ያለ ነበር። በእኔ እምነት ግን አንዱ ሲበላ ሌላው የሚያይበት ይብሳል።

በጾሙ ኢድ መሀል ላይ የተቀመጠው የማሽላ ገንፎና በርታዎቹ ከንከሴ የሚሉት ባሚያ ነው። ጎረቤቴ ያለ ሥጋ፣ በዘይት ብቻ ሠሩት። እኔ ሽሮና ምስር ጨመርኩ። ለመጠጥ ከርከዴ አፈላን፤ ጠላው ቤት ቀረ፣ ሁለት ሰዎች አኮረፉ። ለአረፋው ደግሞ ዓሣ አመጣን። ወረዳው አባይን ይዋሰናል፤ ዓሣ አራጅ አይጠይቅም፤ ከጾም ውጪ ስለሆነም ማንም ቅር አላለውም። ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

የቀረን የድስቱ ነገር ነበር። የእኔ ትልቁ ድስት ስንት ዶሮ እንደተሠራበት ጎረቤቴ ያውቃሉ፤ ጠይቀውኝ አያውቁም፣ ግን ሁልጊዜ የራሳቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። ከአረፋው በኋላ ከመዋጮው የተረፈውን ቆጥረን አንድ አዲስ ድስትና ሁለት ጭልፋ ገዛን። የሚቀመጠው እሳቸው ቤት ነው።